በስልክ የተሰማ ትንፋሽ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ያገለገሉት ሐኪም ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ አላስቻላቸውም። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ የሰለቻቸው ባለቤታቸው፣ «አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛ ፈልግ፤ እኔን በሽተኛ አታድርገኝ» አሏቸው። ሐኪሙም በሽተኛ ፈለጉ። ያገኙት ግን ስክሪን ላይ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት በኢንተርኔት ለደንበኞች መድኃኒት ያዛል፤ ለፀጉር መርገፍ፣ ለቆዳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንዶች ስሙን ለማይጠሩት ችግር፣ ለስንፈተ ወሲብ። ሰውየው ስልኩ ላይ ሃያ ሁለት ጥያቄ ይሞላል፤ ቅጹ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ሐኪሙ አረንጓዴውን ከተጫነ መድኃኒቱ በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ባልተጻፈበት ፖስታ ተጠቅልሎ ቤቱ ይመጣለታል፤ ቀዩን ከተጫነ ይቀራል። ቢሮው ከአንድ የጫማ መሸጫ በላይ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። አምስት ሐኪሞች በቀጭን ጣውላ ተከልለው፣ የጆሮ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። ጥግ ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ደግሞ ኃላፊዋ ትቀመጣለች። በሙያዋ ፋርማሲስት ናት፤ በዕድሜ የሐኪሙ ልጅ ትሆናለች፤ ስትራመድ የምትሮጥ ትመስላለች።

ሌሎቹ ሐኪሞች አንድ ቅጽ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳሉ። እኚህ ግን ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ አንዳንዴም ስልክ ያነሳሉ። ስለዚህ ወጣቶቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አወጡላቸው። ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ አልተቀየሙም። «እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ታገሱኝ» ብለው ሳቁ።

ይህን ሥራ መውደዳቸው የድሮ ባልደረቦቻቸውን ይገርማቸዋል። «ሰው ሳትነካ፣ ግፊቱን ሳትለካ፣ ፊቱን እንኳ ሳታይ የምን ሕክምና ነው?» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን ሆስፒታል ሳሉ ያዩትን ያውቃሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለዚህ ነገር አፉን ሞልቶ የነገራቸው ወንድ በጣት ይቆጠራል። ወገቤን ብሎ ይመጣል፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል፤ ድካም ድካም ይለኛል ይላል። እውነተኛው ጉዳይ ከወጣም የሚወጣው ሰውየው ሊሄድ ተነስቶ የበሩን እጀታ ሲይዝ ነው።

አንድ የሒሳብ መምህርም እንዲሁ እጀታውን እንደያዙ፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ደግሞ…» ብለው ጀምረው ነበር። ውጭ ወንበሩ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሐኪሙ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸውና ዓይናቸውን ከካርዱ ሳያነሱ፣ «አይዞዎት፣ ዕድሜ ነው» አሏቸው። መምህሩም «አዎ፣ ዕድሜ ነው» ብለው በሩን ድምፅ ሳያሰሙ ዘግተው ሄዱ። በአራተኛው ወር ልባቸው ድንገት ተይዞ በተሽከርካሪ አልጋ ተገፍተው መጡ። አልተረፉም። ሐኪሙን የወቀሳቸው ማንም የለም፤ ካርዱም ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ያ በር በዝግታ ሲዘጋ ግን ዛሬም ድረስ ይታያቸዋል።

ስክሪኑ ላይ ወንዶች እንደዚያ አይደሉም። የማያውቁት ሰው ነውና የሚያነበው፣ ወገቤን፣ እንቅልፌን ሳይሉ በቀጥታ ይጽፋሉ። «አፍ ያፈረውን ጣት ይጽፈዋል» ይሉ ነበር ሐኪሙ። በመጀመሪያው ወር ብቻ፣ ሆስፒታል በሠላሳ ዓመት ያልሰሙትን ያህል አነበቡ።

አንድ ማክሰኞ፣ ለምሳ ሊነሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንድ ቅጽ መጣ። ዕድሜ፦ ሃምሳ አራት። ሥራ፦ በያጅ። የደረት ሕመም፦ የለም። ስኳር፦ የለም። የሚወስዱት የልብ መድኃኒት፦ የለም። ሲጋራ፦ አንዳንዴ። የደም ግፊት፦ መቶ ሃያ በሰማንያ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉት። መቶ ሃያ በሰማንያ፣ ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ቁጥር ነው። ከቅጹ ግርጌ ደግሞ በስንት ጊዜ እንደተሞላ ይታያል፤ ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ ይላል። ጥያቄዎቹን ማንበብ ብቻ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ስልኩን አነሱ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ።

«ከመድኃኒት ማዘዣው ነው። ሐኪም ነኝ። ለመነጋገር ይመችዎታል?»

«ቆይ፣ ቆይ…» አለ በያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤት ነኝ፤ ሚስቴ ጓዳ አለች። ወደ ጣራው ልውጣ፤ እዚያ ልብስ ከሚያሰጣ በቀር ሰው የለም።» በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ በሲሚንቶ ደረጃ ላይ የሚወጣ እግር። «ደግሞ እርስዎ እርስዎ አይበሉኝ ዶክተር። ያን ያህል አላረጀሁም፤ ላለማርጀትም እኮ ነው መድኃኒቱን ያዘዝኩት።»

ሐኪሙ ሳቁ። «እሺ፣ አንተ እንበል። ችግሩ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ዓመት… ዓመት ሊሞላው ነው…» ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። እግሩ ቆመ።

«ምነው ቆምክ?»

«ኧረ… የጫማዬን ክር ልሰር ብዬ ነው።»

ሐኪሙ ጠበቁ። በስልኩ ውስጥ የሚሰማቸው አየር እየሳበ የሚያወጣ ሰው ነበር። ክር እንዲህ አያስተነፍስም። «ከስንተኛ ፎቅ ነው የተነሳኸው?»

«ከሦስተኛ።»

«አሁንስ የት ነህ?»

«አራተኛ።»

«ደረትህን ያምሃል?»

«አያመኝም። ጨነቅ ይለኛል እንጂ ሕመም አይደለም። ቅጹ የጠየቀኝ ሕመም ነው።»

«ሲጨንቅህ ምን ታደርጋለህ?»

«እቆማለሁ፤ ይለቀኛል። በጣም ካስቸገረኝ ደግሞ፣ ታላቅ ወንድሜ ልብ በሽተኛ ነው፣ ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ትንሽ ኪኒን አለችው፤ ጥቂት ፍሬ ሰጥቶኛል። አንዷን ሳደርግ ወዲያው ለቀቅ ያደርገኛል።»

ሐኪሙ ቅጹን እንደገና አዩት። «ቅጹ ላይ የልብ መድኃኒት አልወስድም ብለሃል።»

«የኔ አይደለማ ዶክተር! የወንድሜ ነው።»

ሰውየው እየዋሸ አልነበረም። ሐኪሙ ይህ ገባቸውና ድምፃቸውን አለሰለሱ። ያቺ የወንድሙ ኪኒንና ያዘዘው መድኃኒት ሰውነቱ ውስጥ ከተገናኙ የደም ግፊቱ ድንገት አዘቅት እንደሚገባ፣ ወድቆ ላይነሳም እንደሚችል ነገሩት። ቀጥለውም፣ «አንተ ቱቦ ታውቃለህ» አሉት። «ዝገት ሲጀምር ቀድሞ የሚደፈነው የቱ ነው?»

«ቀጭኑ።»

«የዚያ ቦታ የደም ሥር ከልብ የደም ሥር ይቀጥናል። ያንተ ችግር ሁልጊዜ ከልብ ይመጣል አልልህም። ጭንቀትም ያመጣዋል፣ ስኳርም ያመጣዋል። ባንተ ግን ደረትህም አብሮ እየተናገረ ነው። መድኃኒቱን አልፈቅድልህም። ዛሬውኑ የልብ ሐኪም ይይህ።»

ከዚያ በያጁ፣ «እኔ የጠየቅኩት ኪኒን ነው፤ እርስዎ መቃብር ይቆፍሩልኛል» አለና ስልኩን ዘጋው። ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፈው ቀዩን ተጫኑ። ምሳቸውን የበሉት ሳይጥማቸው ነው።

በማግስቱ ኃላፊዋ ወደ መስታወት ክፍሏ ጠራቻቸው። ስክሪኗ ላይ የደንበኛ አስተያየት ተከፍቶ ነበር፤ «ኪኒን ብጠይቅ ስብከት ሰጡኝ» ይላል።

«መከልከልዎ ልክ ነው ዶክተር» አለች። «እኔም ብሆን እከለክላለሁ። ግን ይሄ ሰው አሁን ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል?»

«ሐኪም ቤት ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

«ሌላ ቦታ ያዛል። እነሱ ጋ ጥያቄው ስድስት ነው፤ ማን እንደሚያነበውም አይታወቅ።» ወንበሯን አስጠጋች። «ፋርማሲ ስሠራ ወንዶቹ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ሲያገላብጡ ይቆያሉ። ተራቸው ሲደርስ የጥርስ ሳሙናውን ገዝተው ይወጣሉ። ከዚያ መንገድ ዳር ከሻንጣ የሚሸጥ፣ ምኑም የማይታወቅ ኪኒን ይውጣሉ። እኔ እዚህ የገባሁት ለነሱ ነው። ሰው እኛ ጋ የሚመጣው እንዳይጠየቅ አይደለም፤ እንዳያፍር ነው። በየስልኩ ካሳደድናቸው ወደ ሻንጣው ይመለሳሉ።»

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። እሳቸው የሰሙት ትንፋሽም እውነት ነበር።

ሐሙስ ዕለት አላስችል አላቸውና እንደገና ደወሉ። ያነሳችው ሴት ናት።

«ሄሎ? ስልኩን ረስቶ ነው የሄደው። ማን ልበል?»

ተሳስቻለሁ ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር፤ ኋላ ሲያስቡት ያን ማድረግ ነበረባቸው። አፋቸው ግን ቀደማቸው። «ሐኪም ነኝ። ባለቤትዎ ሲመቸው እንዲደውልልኝ ይነግሩልኛል?»

«የምን ሐኪም? የኔ ባል እኮ ጥርሱን ራሱ በጉጠት የነቀለ ሰው ነው። ሐኪም ዘንድ መቼ ሄዶ ያውቃል?»

«እንዲደውልልኝ ብቻ።»

«ታሟል?»

ሐኪሙ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩ።

«ዶክተር፣» አለች ሴትየዋ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ወገቤ ነው ይለኛል። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ስንት ቀን ኪሱን ፈተሽኩ። ከታመመ ይንገሩኝ። ካልታመመም ይንገሩኝ፤ ቢያንስ የምጣላበትን ልወቅ።»

«እህቴ፣ እኔ ልነግርዎት የምችለው ነገር የለም። የሚነግርዎት እሱ ነው።»

«ገባኝ» አለች። ምን እንደገባት ሐኪሙ አላወቁም።

የሆነውን ራሳቸው ሄደው ለኃላፊዋ ነገሯት። ኃላፊዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «የሰው ሚስጥር እኮ ነው! ምንም ባልተጻፈበት ፖስታ የምንልከው ለምን ይመስልዎታል? ያቺ ሴት አሁን ቤቷ ምን እንደምታደርግ እናውቃለን?»

«አናውቅም። ጥፋቴ ነው።»

ማስጠንቀቂያ ጻፈችባቸው፤ ፈረሙ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ያ ይበልጥ ከበዳቸው። ሁለቱን የዕረፍት ቀናት ቤታቸው ሆነው አንዱን ሐሳብ ሲያነሱ ሲጥሉ ሰነበቱ። የሰው ነፍስ ላድን ብለው የሰው ትዳር በትነው ይሆን? መምህሩን በዝምታ በደሉ፤ ይህን ደግሞ በመናገር። ባለቤታቸው፣ «ይሄ ደግሞ ከሆስፒታሉ ባሰ» ብለው ተዉአቸው።

ሰኞ ጠዋት፣ ገና መነጽራቸውን ሳይጠርጉ፣ ስልክ ተላለፈላቸው።

«ዶክተር፣ ቤቴን በጠበጡት!» አለ በያጁ። ሐኪሙ ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀጠለ። «ሐሙስ ከሥራ ስገባ ወንበር አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። እንደ መርማሪ። ሐኪም ደውሎልሃል አለች። ስለ ወገቤ ነው አልኳት። ወገብህን ተወው፣ ደረጃ ላይ ስትቆም አይሃለሁ፤ ምን ሆንክ ስልህ የጫማዬን ክር አስሬ ነው ትለኛለህ። እስኪ ጫማህን ተመልከት፣ ክር አለው? አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክር ያለው ጫማ አድርጌ አላውቅም ዶክተር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ሳቅ ይሁን ለቅሶ፣ ያልለየለት ነገር ያዘኝ። ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።»

«ምኑን?»

«ኪኒኑን። እርስዎ ሲከለክሉኝ ሌላ ቦታ አዘዝኩ። አራት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ዓርብ ልሞክረው አስቤ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ምን አለችኝ መሰለዎት? እኔ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር አለች። እኔ የሰለቸሁት ራሴን ነበር። በአንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ለብቻዋ፣ እኔ ለብቻዬ ስንብሰለሰል ከረምን።»

«ከኪኒኖቹ የወሰድከው አለ?»

«አንድም። የወንድሜንም ያዘዝኩትንም ሰብስባ ቆልፋባቸዋለች። ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው። አሁን ይንገሩኝ፣ የት ልሂድ?»

ሐኪሙ ድሮ የሠሩበትን ሆስፒታል የልብ ክፍል ነገሩት። «ዛሬ፤ ነገ አይደለም። ባለቤትህ አብራህ ትሂድ። የወንድምህን ኪኒን መውሰድህን እዚያ እንዳትደብቅ። መንገድ ላይ ጭንቀቱ አልለቅ ካለህ አምቡላንስ ጥሩ፤ በደረጃ አትታገል።»

በያጁ በዚያው ሳምንት ተመረመረ። ሁለት የልብ የደም ሥሮች ጠበው ተገኙ፤ አንደኛው ለጥቂት ነው ያልተዘጋው። ሐኪሞቹ በእጁ የደም ሥር በኩል ገብተው የጠበበውን የሚከፍት ቀጫጭን የሽቦ ቱቦ አስገቡለት። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለሐኪሙ ደወለና፣ «ሽቦ አስገቡብኝ፤ ያለ ብየዳ እንዴት እንደያዘ ግን እስካሁን አልገባኝም» አላቸው። ሲጋራውን ለመተው ከሽቦው ይልቅ ተሠቃየ። ሁለቴ ተወ፣ ሁለቴ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ጸና።

ኃላፊዋ ይህን ስትሰማ ማስጠንቀቂያውን አልቀደደችም። «መጨረሻው ስላማረ ልክ ነበር ማለት አይደለም» አለቻቸው፤ ሐኪሙም አልተከራከሩም። ሆኖም ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አብረው ቁጭ ብለው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አዩት። «የደረት ሕመም አለብዎት?» የሚለው፣ «ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ጨነቅ ብሎዎት ይቆማሉ?» ተባለ። «የሌላ ሰው መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?» የሚል አዲስ ጥያቄ ተጨመረ። ግፊቱን በቅርቡ ያልተለካ ሰው የትም ፋርማሲ ገብቶ ተለክቶ እንዲመለስ ተደረገ። ሐኪም ስልክ ከመደወሉ በፊት ደግሞ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ቁጥር ቢደወልለት እንደሚሻለው ሰውየው ራሱ እንዲመርጥ ሆነ፤ ይህችኛዋ የኃላፊዋ ሐሳብ ናት። የድርጅቱ ባለቤቶች ደንበኛ ይሸሻል ብለው አጉረመረሙ። ጥቂቱ ሸሸም። ባለ ስድስት ጥያቄዎቹ ዛሬም አሉ።

በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ሰዎች የሌላ ሰው መድኃኒት ወስጃለሁ ብለው መለሱ። ሐኪሙ ዝርዝሩን እያዩ ብዙ ቆዩ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ አልተፈጠሩም፤ ትናንትም ነበሩ፤ ያልታዩት የጠየቃቸው ስላልነበረ ነው። ወጣቶቹ ሐኪሞችም ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ስልክ ሲያነሱ ይታያሉ።

ከአምስት ወር በኋላ የበያጁ ቅጽ እንደገና መጣ። የልብ ሐኪሙ መድኃኒቱን መውሰድ እንደሚችል በጽሑፍ ፈቅዶለት፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ አያይዟል። ግፊቱ መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ ስድስት ነው፤ የተለካበትን ቀንና ፋርማሲ ሳይቀር ጽፏል። ቅጹን ለመሙላት ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ፈጅቶበታል። ሐኪሙ አንድ በአንድ አንብበው አረንጓዴውን ተጫኑ።

ሁለት ሳምንት ቆይተው፣ በያጁ ራሱ በመረጠው ሰዓት፣ ውጤቱን ለመጠየቅ ደወሉ።

«ልቤ ደህና ነው» አለ በያጁ። «ትናንት ገና በማለዳ ከሚስቴ ጋር ገበያ ድረስ በእግራችን ሄድን። ሥራም ገብቻለሁ።»

«ደስ ይላል። እኔ ግን የጠየቅኩህ ስለ መድኃኒቱ ነው።»

ከኋላው አንዲት ሴት፣ «ማነው?» ስትል፣ እሱም «ዶክተሩ ነው» ሲላት፣ ከዚያም ስትስቅ ተሰማ።

«ዶክተር፣» አለ ቀጥሎ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር። «የልቤን ነገርኩዎት፤ የወንድሜን ኪኒን ነገርኩዎት፤ የቤቴን ጠብ ሳይቀር ነገርኩዎት። ይቺን አንዷን ግን ለኔና ለሚስቴ ይተዉልን።»

ሐኪሙ ከትከት ብለው ሳቁ፤ ከጣውላው ወዲያ ያሉት ወጣቶች ቀና ብለው አዩአቸው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ቅጹ ላይ «የሕክምናው ውጤት» ከሚለው ፊት ለፊት ምን ብለው እንደሚሞሉ ጥቂት አሰቡና፣ «ሁለቱም ደህና ናቸው» ብለው ጻፉ።